አግዳሚው ያልወረደበት ቀን

በዚያች ከተማ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአሥር ሲል የሐዲዱ ማቋረጫ ይዘጋል። ባቡር መጥቶ እንዳይመስላችሁ! ባቡር በዚያ ካለፈ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሐዲዱ ዝጎ ቀልቷል፣ በመሐሉ ሣሩ ጉልበት ድረስ በቅሏል፣ ጣቢያው የእህል መጋዘን ሆኗል። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ከጥበቃ ቤቷ አንዲት ሴትዮ ብቅ ትላለች፤ የብረት እጀታዋን ማዞሪያው ላይ ትሰካና በሁለት እጇ ታዞራለች፤ ነጭና ቀይ የተቀቡት ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ከሐዲዱ ወዲህና ወዲያ ሲጥ ሲጥ እያሉ መንገዱ ላይ ይወርዳሉ። ሰባት ደቂቃ ትጠብቃለች። ከዚያ መልሳ ታነሣቸውና እጀታዋን ነቅላ ይዛ ትገባለች። ቢዘንብ ቢያቃጥል፣ ብትታመም ብትድን፣ አንድ ቀን አጉድላ አታውቅም።

የሰፈሩ ሰው እማማ ሰዓት ይላታል። የግድግዳ ሰዓቱ የቆመበት ሁሉ በእሷ ነው የሚያስተካክለው። ልጇን ደግሞ ትንሿ ይሏታል። ትንሿ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቷታል፣ ጆሮዋ አጠገብ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፣ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል ገብታ የፋይል አቧራ ስትጠጣ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏታል። ማን ሊተዋት! ትንሿ የተባለችው ትልቋ ስለነበረች ነው፤ ትልቋ ከሞተች በኋላም ስሙን የሚያነሣላት አልተገኘም።

የትልቋን ነገር ከተማው ሁሉ ስለሚያውቀው እናንተም እወቁት። መሥመሩ አያዋጣም ተብሎ ሲዘጋ ለእናቷ ደብዳቤ ደረሳት፤ ከዓርብ ጀምሮ ባቡር የለም፣ አግዳሚው ተነሥቶ ይቆይ የሚል። ታዛዥ ሠራተኛ ነበረችና አነሣችው፤ በነፋስ እንዳይወርድም በሽቦ ጠፍራ አሰረችው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰባት ዓመት ልጇን "ከማዶ ሱቅ ሳሙና ገዝተሽልኝ ነይ" ብላ ላከቻት። ለካስ ላይኛው ጣቢያ የቀሩ ባዶ ፉርጎዎች ነበሩና እነሱን የሚሰበስብ ባቡር ተልኮ ኖሯል። ለጠባቂዋ ትዝ ብሎት የነገራት የለም። ባቡሩ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ታጥፎ ድንገት መጣ። ልጅቷ ግራ ቀኝ አላየችም። ለምን ታያለች? የጠባቂ ልጅ ናት፤ አግዳሚው ከተነሣ መንገዱ ነጻ መሆኑን ከእናቷ ጉያ የተማረች ናት።

በተቀበረች በሦስተኛው ቀን እናቷ ሽቦውን እጇ እስኪደማ ፈትታ አግዳሚውን አወረደችው። አሥር ሰዓት ከአሥር ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሰው ይቆም ነበር፤ ይህን አልክድም። ወንዶቹ ቆባቸውን አውልቀው፣ ሴቶቹ ዕቃቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ሰባቷን ደቂቃ ዝም ብለው ያሳልፏት ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንዱ ሥራ ረፈደብኝ ብሎ ከአግዳሚው ሥር ጎንበስ ብሎ አለፈ። በማግስቱ ሦስት ሆኑ። አይ ሰው! ከዚያማ ማን ይያዘው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚሉም ተገኙ፤ ያውም ሴትዮዋ እየሰማች። ዛሬ የዚያች ከተማ ልጅ መራመድ ሲማር አብሮ ጎንበስ ማለትንም ይማራል። ነፍሰ ጡሯ በጎኗ ታልፋለች፣ ተማሪው ቦርሳውን አስቀድሞ ይወረውርና ይከተላል፣ ፍራሽ የተሸከመው ኩሊ እንኳ ፍራሹን ሳያወርድ የሚያልፍበት ዘዴ አለው። የአግዳሚው ቀለም መሐሉ ላይ የለም፤ የሰው ጀርባ ፍቆ ጨርሶታል።

ትንሿ ግን ለማንም የማትነግረው ነገር ነበራት። ከልጅነቷ ጀምሮ በእነዚያ ሰባት ደቂቃዎች ከእናቷ ጎን ትቆማለች። እናቷ ሐዲዱን አታይም፤ ከሐዲዱ በላይ፣ የሕፃን ፊት ሊሆን በሚችልበት ከፍታ ላይ፣ ዓይኗን ተክላ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። በዕድሜዋ ምናልባት ሦስት ጊዜ፣ አንዲት የነፋስ ሽውታ እንኳ በሌለበት ቀን፣ በሐዲዱ መሐል ያለው ሣር ከወፍጮ ቤቱ በኩል እየተኛ፣ እየተኛ መጥቶ በፊታቸው ሲያልፍ አይታለች። ውሾቹ ብድግ ብለው ቆመው ነበር። ከአግዳሚው ሥር ጎንበስ ቀና የሚለው ሰው ግን ምንም አላየም። እናቷ እጇን ጨበጥ አደረገቻት። ቤት ሲገቡም ያው ነው፤ እናቷ በየጠዋቱ ለሁለት አልጋ እንኳ በማትበቃ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት አልጋ ታነጥፋለች፤ የተተኛበትንም ያልተተኛበትንም። በዚህ ቤት ያደገ ሰው ትዳር ምን ያደርግለታል? ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባት ሁለቴም "እናቴን ለማን ጥዬ" ብላ መልሳለች።

እንግዲህ እንዲህ እያለ ነው መሥመሩ እንደገና ይከፈታል የተባለው። መጀመሪያ ማንም አላመነም። ቀጥሎ ሠራተኞች መጡ፤ ሣሩን አጨዱ፣ የበሰበሰውን እንጨት ነቅለው አዲስ ጣሉ፣ የዛገውን ሐዲድ ለወጡ። ከእነሱ ጋር አንድ ኢንጂነር መጣ፤ ቀጭን፣ ጥድፊያ የሚወድ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ ሥራ የሚጀምር ሰው። የእህሉን ጆንያ አስወጥቶ ጣቢያው ውስጥ ቢሮውን ዘረጋ። አሮጌውን የጉዞ ሰሌዳ ከመዝገብ ክፍል ፈልጋ የሰጠችው ትንሿ ነበረች። እሱም ምን በወጣኝ አዲስ ላውጣ አለና ሰዓቱን እንዳለ ወሰደው። ለከሰዓቱ ባቡር አግዳሚው የሚወርድበት ሰዓት አሥር ሰዓት ከአሥር ሆነ።

"እናትሽ ዕድሜያቸው አልፏል" አላት ኢንጂነሩ። "ሥራውን ግን ከአንቺ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ጠባቂነቱን ትይዢዋለሽ?"

ትንሿ እሺ አለች። እናቷ ስትሰማ "ደግ" ብቻ ብላ እጀታዋን በዘይት ስትወለውል ዋለች።

ሐዲዱ ተሠርቶ ያለቀ ሰሞን ሠራተኞቹ በሞተር የምትሄድ ትንሽ የሐዲድ ጋሪ ላይ ተቀምጠው መሥመሩን ይፈትሹ ነበር። አንድ ቀን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ልክ በአሥር ሰዓት ከአሥር ብቅ አሉ። አግዳሚው ወርዷል። ዳቦ ሻጩ ጋሽ ትኩስ ጋሪውን እየገፋ ከሥሩ ገብቷል። "ትኩስ! ትኩስ!" እያለ ሃያ ዓመት የጮኸ ሰው ነው፤ የዳቦ ጋሪውንም ከአግዳሚው ሥር እንድታልፍ አድርጎ አሳጥሮ ያሠራት ነው። ግጭቱ ሲሰማ ሰው ሁሉ ዞረ። ዳቦው እንደ ጠጠር ተበትኗል፣ የጋሪዋ ጎማ ለብቻው እየተንከባለለ ቦይ ገባ፣ ጋሽ ትኩስ የጋሪዋን እጀታ ብቻ ይዞ ደርቆ ቀርቷል። እሱንም ለመግጨት አንድ ክንድ ያህል ነበር የቀረው።

ኢንጂነሩ ከጣቢያው እየሮጠ መጣ። "ሰውዬ! አግዳሚው ወርዶ አታይም?"

"እሱማ ወርዷል!" አለ ጋሽ ትኩስ፣ ተቆጥቶ። "ስለወረደ አይደል እንዴ የገባሁት! እሱ ሲወርድ መቼ ነገር መጥቶ ያውቃል? ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህ ሰዓት ምን ጉድ ተፈጠረ ብዬ ባለሁበት እቆም ነበር!"

ሰው ሳቀ። ኢንጂነሩ አልገባውም። ትንሿም አልሳቀችም። እናቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስታስተምር እንደኖረች ያን ጊዜ ገባት። የወረደ አግዳሚ ማለት ምንም አይመጣም ማለት ነው። ከተማው ይህንን ከእግሩ ጥፍር እስከ ራስ ጠጉሩ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ባቡር ሊመጣ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ባቡሩ ቁልቁለት ወርዶ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ስለሚታጠፍ፣ እስኪታይ ድረስ ደርሷል። ኢንጂነሩ ያለውን ሁሉ ሞከረ። ትልቅ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አስተከለ፤ ሰው ከአግዳሚው ሥር ጎንበስ ብሎ አልፎ ሰሌዳውን ከወዲያ በኩል አነበበ። መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ አስጭኖ አስለፈፈ፤ ሰው "እንኳን ለዚህ አበቃን" እያለ አጨበጨበና ጎንበስ ብሎ አለፈ። ሁለት ዘብ አቆመ፤ ዘቦቹ የሰፈሩ ልጆች ነበሩና ሳያስቡት ራሳቸው ጎንበስ ብለው ተሻገሩ። ትንሿ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ያለፉትን ቆጠረች፤ አርባ ስድስት። በነጋታው አርባ ዘጠኝ። ጆሮ ቢሰማ እግር አይሰማም። ከእነዚያ አርባ ዘጠኝ አንዱ እንደሚሞት እንደ ስሟ ታውቀው ነበር። ማን እንደሚሆን ብቻ ነው ያላወቀችው፤ እሱ ደግሞ እንቅልፍ ነሣት።

ለእናቷ በአምስተኛው ቀን ነገረቻት። ሁለቱም በሩ ላይ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ነበር።

"እማዬ፣ ያን ቀን አግዳሚውን ብንተወውስ? ሳይወርድ ካዩት ይቆማሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚህ ሰዓት ተነሥቶ አይተውት አያውቁም። አንቺ የሞትሽ ይመስላቸዋል፣ ደንግጠው ይቆማሉ።"

እናቷ ምስሩን መልቀም አላቋረጠችም። "ሠላሳ አንድ ዓመት ዘግቼ ባቡር የመጣ ቀን ልክፈተው? አፍሽ እንዴት አወጣው?"

"ሰው ሊሞት ነው እኮ!"

"ይዘጋል" አለች እናቷ። "ሥርዓቱ እሱ ነው። የወረደ አግዳሚ ያላስቆመው ሰው የራሱ ፋንታ ነው።"

ያን ጊዜ ትንሿ ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች። ያየችውን አልወደደችውም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላል ሰው፤ እዚህ ቤት ማጭዱ ትራስ ሥር ነው የሚያድረው። እናቷ እጀታዋን ከዚያ ዕለት ጀምሮ አቅፋት መተኛት ጀመረች።

ቀኖቹ አለቁ። የባቡሩ ዕለት ጠዋት ኢንጂነሩ አዲስ ኮት ለብሶ መጣና ትዕዛዙን ደገመላት። "አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ታወርጂዋለሽ። እንግዶች አሉ፤ ባቡሩ ላይ ሹማምንት ተሳፍረዋል። አንድ ስህተት ብትሠሪ ለሁለታችንም እንጀራ የለንም።" ትንሿ "እሺ" አለች፣ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ እናቷ ፊት ቆመች። ያላሰበችው ቃል ከአፏ ወጣ።

"እማዬ፣ አንድ ሰው እንዲሞት ትፈልጊያለሽ?"

እናቷ የሦስተኛውን አልጋ ብርድ ልብስ እያጠፈች ነበር። እጇ ቆመ። ትቆጣለች ብላ ስትጠብቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"የመጀመሪያው ዓመት ቆመውልኝ ነበር" አለች። "ያኔ ወደድኳቸው። ኀዘኔ የእነሱም መስሎኝ። ከዚያ አንዱ ጎንበስ አለ፣ ቀጥሎ ሌላው። በልጄ ላይ ተረማምደው ያለፉ ያህል ነበር የሚያንገበግበኝ። ‘ጅብ ከሄደ’ ሲሉኝ ሰምቻለሁ። እናም ተመኘሁ። አንድ ባቡር ይምጣ፣ ከእነሱ አንዱን ይዞ ይሂድ፣ የኔን እሳት ይቅመሷት አልኩ። አንድ ቀን እንዳይመስልሽ፣ በየቀኑ። አጠገቤ ስትቆሚ ከንፈሬ የሚንቀሳቀሰው ስጸልይ ይመስልሽ ነበር አይደል? እሱን ስል ነው የኖርኩት።"

ትንሿ ግድግዳውን ተደገፈች። ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያች ሴት ጎን ቆማ፣ እጇን ይዛ፣ አብራ አሜን ስትል የኖረች መሰላት። ያ ሣር፣ ያ ነፋስ የሌለበት ሽውታ፣ እህቷ እንደሆነች ነበር የምታስበው። ማን ያውቃል እንግዲህ ምን እንደነበረ።

"አሁን የለመንኩት መጣ" አለች እናቷ። "ትናንት ጋሽ ትኩስ የልጅ ልጁን ይዞ ሲያልፍ ቆሜ አየሁ። እሱ ጎንበስ አለ። ልጅቷ ግን አልጎነበሰችም፤ ቁመቷ አይደርስም እኮ። ቀጥ ብላ፣ እየዘፈነች፣ ከሥሩ አለፈች።" እጀታዋን ከትራሱ ሥር አወጣችና ዘረጋችላት። "እንኪ። ያዢው። አታውርጂው። እኔ አልወጣም፤ በዚያ ሰዓት ተነሥቶ ላየው አልችልም።"

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል መንገዱ እንደወትሮው ሞላ። ከሥራ የሚወጣው፣ ከትምህርት የሚመለሰው፣ ገበያ የቆየው። ትንሿ እጀታውን ማዞሪያው ላይ ሰክታ ከሐዲዱ ማዶ፣ ከጥበቃ ቤቷ ትይዩ ቆማለች። ባይቆሙስ? አንዱ ባይቆም? ላውርደው ብትል እንኳ መውረድ ማለት ለእነሱ ግቡ ማለት ነው። ወደኋላ የሚመለሱበት መንገድ አልነበረም።

አሥር ሰዓት ከአሥር ሆነ፣ አግዳሚው ቆሟል። ከአሥራ ሦስት ሆነ፣ ቆሟል። ከአሥራ አምስት።

መጀመሪያ የደረሰው ጋሽ ትኩስ ነው፤ ተጠግና በተመለሰች ጋሪው። በልማዱ ከሩቅ ጀምሮ ወገቡን ማጠፍ ጀምሯል። ሊገባ ሲል ከጀርባው በላይ ምንም የለም። ቀና አለ። ወደ ላይ አየ፣ ወደ ጥበቃ ቤቷ አየ፣ ሰዓቱን አየ። "ኧረ?" አለ። ከኋላው የሚመጡት ሁለት ሴቶች ቆሙ። ተማሪዎቹ ቆሙ። ከማዶም ኩሊው ቆመ፣ አናጢው ቆመ፣ እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ማንም ቁሙ አላላቸውም። "እማማስ?" የሚል ሹክሹክታ ከሰው ወደ ሰው ሄደ። አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። ወንዶቹ አንድ በአንድ ቆባቸውን አወለቁ። ሠላሳ ዓመት ያላየችውን አየች ትንሿ፤ ባዶ መንገድ፣ በሁለቱም በኩል ዝም ያለ ሰው፣ በመሐሉ አዲሱ ሐዲድ። እንባዋ መጣ። ሆነልን አለች በልቧ።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባቡሩ ጮኸ።

ያን ጊዜ ነው ኢንጂነሩ በጥበቃ ቤቷ ጎን ካለችው መተላለፊያ ብቅ ያለው። ስልኩን አንዱ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ሌላውን በጣቱ ደፍኖ፣ ከላይኛው ጣቢያ ሰው ጋር ይጨቃጨቃል። ንግግሩ አላለቀም፣ ባቡሩ ገና ነው ብለውት ነበር። ሰዉ አለቃ መጣ ብሎ መንገድ ለቀቀለት። ወደ ላይ አየ፤ አግዳሚው ተነሥቷል። ጠባቂዋ ካላወረደች በእርግጥም ገና ነው። በዚያች ከተማ ውስጥ ለተነሣ አግዳሚ የሚታዘዝ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። እርምጃውን ሳይገታ ወደ ሐዲዱ ገሰገሰ።

ትንሿ ጮኸች። ባቡሩም ጮኸ፤ የሷ ድምፅ በውስጡ ጠፋ። ከተማውን ሁሉ አስባ፣ አርባ ዘጠኙን ሁሉ ቆጥራ፣ እንግዳውን አላሰበችውም። እግሯ ወደፊት አልሄደ ወደኋላ። ሰዉም ደርቋል፤ ኧረ ሰውዬ የሚል እንኳ ጠፋ።

የጥበቃ ቤቷ በር በርግዶ ተከፈተ። ትንሿ እናቷን ሮጣ አይታት አታውቅም፤ መሮጥ መቻሏንም አታውቅም ነበር። ጫማ አላደረገችም። ደረሰች፣ የአዲሱን ኮት ጀርባ በሁለት እጇ ጨመደደች፣ ባላት አቅም ሁሉ ወደኋላ ወደቀች። ቀጥሎ ትንሿ ማየት የቻለችው ብረት ብቻ ነው። ፉርጎ ከፉርጎ ኋላ፣ ማለቂያ የሌለው፤ በመስኮቶቹ የሚያውለበልቡ ሰዎች፣ ከሥራቸው የሆነውን የማያውቁ። በሁለት ፉርጎ መሐል ባለው ክፍተት ማዶውን ለማየት ሞከረች። አቧራ ነው። "እማዬ" አለች። "እማዬ፣ እማዬ፣ እማዬ።"

ባቡሩ አለፈ።

ሁለቱም ጠጠሩ ላይ ነበሩ። የኢንጂነሩ ኮት ከብብቱ እስከ ወገቡ ተተርትሯል። ስልኩ ወድቆ ከውስጡ አንድ ሰው አሁንም "ሃሎ? ሃሎ? ባቡሩ ተነሥቷል እኮ! ሃሎ?" ይላል። እናቷ ከጎኑ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ይደማል፣ ሻሿ የለም፣ ነጩ ፀጉሯ ተበትኗል። ትንሿ ሐዲዱን እንዴት እንደተሻገረች አታስታውስም።

"እማማ!" አለ ጋሽ ትኩስ፣ ቆቡን እንደያዘ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ። "አልሞቱም እንዴ?"

"ብሞት ደስ ይልህ ነበር?" አለችው እናቷ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። አንዳንዱ በእንባው መሐል ሳቀ። ከቦታው የተነቃነቀ ግን አልነበረም። ባቡሩ ሄዷል፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሰዉ ግን ከሁለቱም ወገን ቆሞ ቀረ። የጋሽ ትኩስ የልጅ ልጅ ብቻ ከሰዉ እግር መሐል አንገቷን አውጥታ ታያለች።

ኢንጂነሩ ባቡሩ ወደሄደበት ዞረ። "ገና ነው ብለውኝ ነበር" አለ። "አግዳሚው ተነሥቶ ሳየው ደግሞ እኔ..."

"አውቃለሁ" አለች እናቷ። "ከተነሣ ይታለፋል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም።" ይህንን ስትል ዓይኗ እሱ ላይ አልነበረም። ከዚያ መልሳ አየችው፤ ከመጣ ጀምሮ ገና አሁን ያየችው ይመስል ግንባሩን፣ አገጩን፣ ከጆሮው ሥር የተቧጨረውን አየች።

"ስንት ዓመትህ ነው፣ ልጄ?"

ሰውየው ጥያቄው ግራ ገብቶት ትንሿን አየ። "ሠላሳ ሰባት" አለ።

"ትልቋ በአንድ ዓመት ትበልጥሃለች" አለች እናቷ።

ትንሿ ተንበርክካ ልታነሣት ክንዷን ያዘች። ኢንጂነሩም ሊነሣ ሞከረ፤ አልቻለም። እናቷ የኮቱን ጫፍ በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር፣ ትንሿም የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ ልታላቅቅ ብትሞክር አልለቅም አለች።